ዳቦአችን ምን ይቀባ? የማባያ አመራረጥ ለተማሪ ማዕድ

የተማሪ ምግብ ብዙ ጊዜ የሚታማው በአንድ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ያው በመሆኑ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ ደግሞ ምስር ካልሆነም እንደገና ሽሮ። ዋናውን ምግብ እንቀይር ካልን ገንዘብ ይጠይቃል። ማባያውን መቀየር ግን ያን ያህል ኪስ አይጎዳም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ማባያ በምን እንደሚመረጥ፣ ለምን አንዱ ከአንዱ ምግብ ጋር እንደሚስማማ፣ እንዲሁም የትኛው ማባያ በዶርም መደርደሪያ ላይ ጨርሶ መቀመጥ እንደሌለበት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የመጨረሻው ነጥብ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ የቸኮለ አንባቢ ቢያንስ እሱን ሳያነብ እንዳያልፍ አደራ እላለሁ።

ማባያ ምን ይሠራል?

ማባያ ስል ከዋናው ምግብ ጎን በትንሹ ቀርቦ ጣዕም የሚሰጠውን ሁሉ ማለቴ ነው። በእኛ አገር አዋዜ፣ ዳጣ፣ ቆጭቆጫ፣ ሰናፍጭ፣ ስልጆና አዚፋ አሉ። በሌላው ዓለም ደግሞ ፒክል፣ ሬሊሽ፣ ቻትኒ የሚባሉት አሉ። ስማቸው ይብዛ እንጂ የሚሠሩት ሥራ ከአራት አይበልጥም፤ ይኮመጥጣሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጨው ይሰጣሉ፣ ወይም ይጣፍጣሉ። እንግዲህ የምርጫው ሕግ ቀላል ነው፦ ዋናው ምግብ የጎደለውን ስጡት። ቅባት የበዛበት ምግብ ኮምጣጣ ይፈልጋል። አልጫ የሆነ ምግብ የሚያቃጥል ይፈልጋል። ራሱ የሚያቃጥል ምግብ ደግሞ እንደ አይብ ያለ ማብረጃ ይፈልጋል። ለምን ቢሉ፣ ቃሪያን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል፣ የወተት ፕሮቲንም ይይዘዋል። ሚጥሚጣ በዝቶበት ውሃ የሚጨልጥ ሰው የማይቀልለው ለዚህ ነው።

እንግሊዞች በአይብ ሳንድዊች ላይ የሚጨምሩትን ብራንስተን ፒክል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን የተከተፈ አትክልት በአቼቶ፣ በስኳርና በቅመም ተሰናድቶ ነው። የእነሱ አይብ ቅባትና ጨው ስላለው ኮምጣጣና ጣፋጭ ጎደለው፤ ፒክሉ ያንን ሞላለት። ቻትኒ የሚለው ቃል ደግሞ በሂንዲ መላስ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ሕንዶች ብዙውን ጊዜ ትኩስ ቅጠልና ቃሪያ ፈጭተው ለዕለቱ ያቀርቡታል። እንግሊዞች ግን እንዲቆይላቸው ፍራፍሬውን በአቼቶና በስኳር ቀቀሉት። የእኛ ቆጭቆጫ እንግዲህ ለሕንዱ ቻትኒ የቅርብ ዘመድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በአቼቶ ወይስ በራሱ?

ኮምጣጣ ማባያ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው አቼቶ ወይም ሎሚ መጨመር ነው። ሁለተኛው በጨው ረዳትነት ራሱ እንዲቦካ መተው ነው። ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ከትፋችሁ ለ1 ኪሎ ከ20 እስከ 25 ግራም ጨው ብታሹት፣ ውሃውን ያወጣል። ጎመኑ ከገዛ ውሃው በታች ተጭኖ ከቆየ መጀመሪያ ልዩኮኖስቶክ፣ ቀጥሎ ደግሞ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ይበዙና ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። (ይህ ሁለተኛው ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም ተብሏል፤ ለፈተና የሚያነቡ ልብ ይበሉ።) ስልጆም በዚሁ መንገድ የሚሠራ የጾም ማባያ ነው። የሱፍ ውሃ ከባቄላ ዱቄት ጋር ተገንፍቶ፣ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ይቦካል። እናቶቻችን ማይክሮባዮሎጂ ሳይማሩ ይህን ማወቃቸው እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የሰናፍጭ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ደረቁ ፍሬ በአፍንጫ አይወጣም፤ ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው ጉድ የሚፈላው። በፍሬው ውስጥ ተለያይተው የነበሩት ሚሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይምና ሲኒግሪን የተባለው ውህድ ሲገናኙ፣ ያ አናት የሚበሳው አሊል አይሶታዮሳያኔት ይፈጠራል። በፈላ ውሃ ከተለወሰ ኢንዛይሙ ይሞትና ሰናፍጩ ይለግማል። በቀዝቃዛ ውሃ ለውሳችሁ ጥቂት ደቂቃ ከድናችሁ ቆዩ፣ ከዚያ በኋላ ሎሚ ጨምሩበት፤ አሲዱ ኃይሉ ቶሎ እንዳይጠፋ ይረዳል።

ለየትኛው ምግብ የትኛው?

እኔ በበኩሌ የምመርጠው እንዲህ ነው። ለእንቁላል ሳንድዊች ሰናፍጭ ወይም ዳጣ፣ ምክንያቱም እንቁላል ቅባት አለው እንጂ ብርታት የለውም። ዳቦ በአቮካዶ ከሆነ ሎሚና ጥሬ ቃሪያ ይበቃዋል። ለተቀቀለ ድንች አዋዜ። ለሥጋ ሰናፍጭም አዋዜም ይሄዳል። በጾም ደረቅ እንጀራ ብቻ ሲገኝ ስልጆ ወይም አዚፋ የሚያህል የለም። አዚፋ ምስር ስላለበት ማባያም ምግብም ነው። ሳንድዊች ለምሳ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ዳቦውን መጀመሪያ ቅባት ነገር፣ አቮካዶ ወይም ቅቤ ቀቡት፤ ከዚያ እርጥቡን ማባያ መሃል ላይ አድርጉት። ቅባቱ ውሃውን ስለሚያግድ ዳቦው አይላሽቅም።

የጤና ነገር ካነሳን፣ ሽሮና ምስር ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ስለዚህ ከሽሮ ጎን ጥሬ ቃሪያ መግመጥ ወይም ሎሚ መጭመቅ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ሻይ በአንጻሩ አይረኑን ያግዳል፤ ከምግቡ ጋር ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ማባያ ጨዋማ ከሆነ ወጡ ላይ ጨው መነስነስ ምን ያደርጋል?

ዘይትና ነጭ ሽንኩርት

አሁን ወደ አደራው ልምጣ። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሸፍኖ ያለ ፍሪጅ መቀመጥ የለበትም። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ነጭ ሽንኩርትም ከአፈር ነው የሚወጣው። ዘይቱ አየር ሲከለክልለት ይመቸዋል፣ የሚያመነጨው መርዝም ጡንቻን ሽባ አድርጎ ትንፋሽ ያሳጣል። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳንድዊች የበሉ 36 ሰዎች የታመሙት በዚህ ነው፤ ለዳቦው መቀቢያ የሆነው በዘይት የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ፍሪጅ ውስጥ አልነበረም። ክፋቱ ደግሞ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል፤ «አሽትቼ አውቀዋለሁ» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ይህ ባክቴሪያ ፒኤች ከ4.6 በታች ሲሆን አያድግም። በደንብ የኮመጠጠ ስልጆና በአቼቶ የተሠራ ፒክል የሚያስተማምኑት ለዚህ ነው። አዋዜና ዳጣ ግን እንደ አሠራሩ ይለያያል፤ ሎሚ ጠብ አደረግሁበት ማለት ኮመጠጠ ማለት አይደለም። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ፒኤች ሜትር እያለልን ጥርጣሬውን በግምት የምናልፍበት ምክንያት አይታየኝም። ካልለካነው፣ ትኩስ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለበትን ማባያ ትንሽ ትንሽ መሥራት፣ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥና በ4 ቀን ውስጥ መጨረስ ነው። ዶርም ውስጥ ደግሞ ፍሪጅ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከቤት ስንቅ ሲላክልን ደረቁ በርበሬ፣ ደረቁ ሚጥሚጣ ይላክልን። ነጭ ሽንኩርቱንና ዘይቱን እዚሁ፣ ለምንበላው ያህል ብቻ እንለውሳለን። ለወላጆቻችን በስልክ አንዴ ማስረዳት በቂ ነው፤ ልጃቸው የተማረው ነገር በማዕድ ላይ ሲውል ቢያዩ ደስ ይላቸው ይሆናል እንጂ አይቀየሙም።

መልካም ማዕድ!