ወረርሽኝ ሲመጣ መንግሥት ምን ማዘዝ ይችላል? ዜጋውስ ምን መብት ይቀርለታል?

በሶዶ ወረዳ የሚገኘው የምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በየዓመቱ መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ቀን ከቅርብም ከሩቅም ምዕመናን የሚሰባሰቡበት ስፍራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጋቢቱ በዓል ዋዜማ በዋለበት መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ በጤና ሚኒስቴር ይፋ ሆነ። በዚያ ዕለት ወደ ገዳሙ መንገድ የጀመረን ተጓዥ የሚመልስ አዋጅ አልነበረም። ከ26 ቀናት በኋላ ግን በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብም ለሃይማኖትም ይሁን ለሌላ ጉዳይ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ።

በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የተፈጠረው ይህ ልዩነት፣ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም መልስ የሚሻ ጥያቄ ትቶ አልፏል። መንግሥት የሰውን እንቅስቃሴ፣ አምልኮ፣ ለቅሶና ገበያ የሚገድበው በምን ሥልጣን ነው? ገደቡስ የት ላይ ማቆም አለበት? በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መገኘቱ፣ ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን አስታውሷል።

በ2012 ዓ.ም. ምን ታዘዘ?

የሚኒስትሮች ምክር ቤት መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ያወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ለአምስት ወራት የሚጸና ነበር። ዝርዝሩን የያዘው ደግሞ ደንብ ቁጥር 466/2012 ነው። ደንቡ እጅ ለእጅ መጨባበጥን ከለከለ። ብዙ ሰው በሚገኝባቸው እንደ ገበያ፣ መደብርና ትራንስፖርት ባሉ ቦታዎች አፍንጫንና አፍን መሸፈን ግዴታ ሆነ። በሰዎች መካከል የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት እንዲጠበቅ፣ አገር አቋራጭ መኪናዎችም ከመቀመጫቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ። ትምህርት ቤቶች ከአዋጁ በፊት፣ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግተው ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣ መንገደኛም 14 ቀን በማቆያ እንዲቆይ ይገደድ ነበር።

አዋጁን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ሊቀጣ ይችል ነበር። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 11፣ ኢድ አልፈጥርም ግንቦት 16 ቀን የዋለው በዚሁ ገደብ ውስጥ ነው። ምዕመናን ሁለቱንም በዓላት በአብዛኛው በየቤታቸው አሳልፈዋል።

ግዴታው የተጣለው ግን በተራው ሰው ላይ ብቻ አልነበረም። ደንቡ አከራዮች ተከራይን እንዳያስለቅቁና ኪራይ እንዳይጨምሩ አግዷል። አሠሪዎችም ከተቀመጠው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሏል። ይህ የባለንብረቱን ነፃነት ገድቦ የተከራዩንና የሠራተኛውን ኑሮ ያስጠበቀ ግዴታ ነው። እንደ ቡኢ ባሉ ከተሞች አንዲት ክፍል ተከራይቶ በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው፣ አዋጁ አንድ እጁን ሲይዝበት ሌላውን እጁን ደግፎታል ማለት ይቻላል።

ሥልጣኑ ከየት ይመነጫል?

መልሱ የሚገኘው በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ላይ ነው። አንቀጹ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማወጅ ምክንያት ይሆናሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ጉዳዮች አንዱ የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የማወጅ ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴራሉ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የክልል መስተዳድሮችም የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲያጋጥም በክልላቸው ሊያውጁ ይችላሉ። በ2012 ዓ.ም. የትግራይ ክልል ከፌዴራሉ አዋጅ ቀድሞ የራሱን ያወጀው በዚህ ድንጋጌ መሠረት ነበር። በዚያን ጊዜ በደቡብ ክልል ጉራጌ ዞን ሥር የነበረው የሶዶ ወረዳ፣ ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ይገኛል። ስለዚህ ነገ ወረርሽኝ ቢነሣ በወረዳው ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊታወጅ የሚችለው ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ ነው። ሕገ መንግሥቱ ይህን ሥልጣን ለዞን፣ ለወረዳ ወይም ለቀበሌ አልሰጠም።

የማወጅ ሥልጣኑ በሌላ አካል ቁጥጥር ሥር ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ካለ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በሥራ ላይ ካልሆነ በ15 ቀናት ውስጥ ሊቀርብለትና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቀው ይገባል። የ2012 ዓ.ም. አዋጅ በታወጀ በሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 2፣ ጸድቋል። አዋጁ ከስድስት ወር በላይ ሊቆይ አይችልም፤ ማራዘም ካስፈለገም በየአራት ወሩ እንደገና የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አለበት። ከዚህ ሌላ፣ ከምክር ቤቱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች የተውጣጡ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩ ሰዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል፤ እርምጃዎቹ ኢሰብአዊ አለመሆናቸውንም ይከታተላል።

ምን ይገደባል? ምን አይነካም?

በሰላሙ ጊዜ ዜጎች የመዘዋወር (አንቀጽ 32)፣ የመሰብሰብ (አንቀጽ 30) እና ሃይማኖታቸውን የመግለጽ (አንቀጽ 27) መብት አላቸው። የሃይማኖትን መብት የሚደነግገው አንቀጽ ራሱ፣ የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ እምነትን በተግባር መግለጽ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። በአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ ገደቡ ሌሎቹንም መብቶች ያዳርሳል።

ሆኖም በማናቸውም አዋጅ የማይነኩ ድንጋጌዎች አሉ። ለተራው ዜጋ ዕለታዊ ኑሮ ቅርብ የሆኑት ሁለቱ፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 25 ናቸው። ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ጭምብል ያላደረገ ሰው በሕጉ መሠረት ሊጠየቅ ይችላል፤ ሊደበደብ ወይም ሊዋረድ ግን አይገባም። ገደቡም በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በኑሮው ደረጃ እየተለየ ለአንዱ ጠብቆ ለሌላው ሊላላ አይችልም።

በሁለቱ መካከል አወዛጋቢ የሆነ ሰፊ መስክ አለ። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱ ከማይነኩት ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የ2012ቱ ደንብ ስለ በሽታው ሽብርና ያልተገባ ጭንቀት የሚፈጥር መረጃ ማሰራጨትንም ከልክሎ ነበር። ሐሰተኛ ወሬ ሕይወት እንደሚያሳጣ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ያልተገባ ጭንቀት» የሚለው አነጋገር ሰፊ በመሆኑ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ያነሣን ሰው ዝም ለማሰኘት ሊውል ይችላል የሚል ትችት ከመብት ተሟጋቾች ቀርቦበታል።

የእንሰት ጓሮ ምሳሌ

የግል ነፃነትና የጋራ ደኅንነት የሚገናኙበትን ቦታ ለመረዳት የእንሰት አርሶ አደር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አጠውልግ የተባለው የእንሰት በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን መድኃኒት የለውም። የታመመውን እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያስተላልፋል። በሽተኛውን ተክል የበላ ከብትም ወደ ጎረቤት ጓሮ ሊያደርሰው ይችላል። መከላከያው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ ከብትን ማሰርና ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመውሰድ ነው።

«እንሰቱም የኔ፣ ቢላዋውም የኔ» የሚል ሰው በንብረቱ ላይ መብት እንዳለው አያጠራጥርም። ነገር ግን ያልጸዳ ቢላዋ አጥር አያግደውም። ጎረቤቱ ለዓመታት የተንከባከበውን እንሰት የሚያጣው ራሱ ባልወሰነው ውሳኔ ነው። በሰው ወረርሽኝም የነፃነት ገደብ መነሻ ይኸው ነው።

ምሳሌው ለባለሥልጣንም ትምህርት አለው። በአንድ ጓሮ አንድ እንሰት ስለጠወለገ የመንደሩ እንሰት ሁሉ ይነቀል ቢባል፣ ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ መንደሩን ያስርባል። በዓለም አቀፍ ሕግ ዘንድ የታወቁት፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቀረጹት የሲራኩዛ መርሆዎች የሚሉትም ተመሳሳይ ነው። ገደብ በሕግ የተደነገገ፣ ለትክክለኛ ዓላማ አስፈላጊ የሆነ፣ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ፣ አድልዎ የሌለበትና ጊዜው የተወሰነ መሆን አለበት።

ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል?

አንድ ትእዛዝ ለሁሉም እኩል ቢሆንም ክብደቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ከአዲስ አበባ በቡኢ በኩል ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና በሚያልፈው መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና ግማሽ ሰው ብቻ ሲጭን፣ የጎደለው ወንበር ዋጋ በተሳፋሪው ላይ መጨመሩ አይቀርም። ደመወዝተኛው ጉዞውን ሊያዘገይ ይችላል። አትክልቱ ወይም ወተቱ እንዳይበላሽበት ገበያ መድረስ ያለበት ገበሬ ግን አማራጭ የለውም።

ይህን ሚዛን ፍርድ ቤት ድረስ ያደረሰች አገር ማላዊ ናት። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ መንግሥት ለ21 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲቆም አዘዘ። ክርክሩ የተነሣው የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኘው ድሃ ያለ ድጋፍ ምን ይብላ በሚል ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደው፤ በኋላም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር፣ ቤት እንዲቀመጥ የታዘዘ ሰው ቤት ተቀምጦ የሚበላው ከሌለው ትእዛዙ በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚቀር ነው።

በአዋጅ መሐል ያለ መስቀል

የአምስት ወሩ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ዋዜማ አበቃ። በምትኩ የመጣው፣ ጭምብልንና አለመጨባበጥን እንደገና ግዴታ ያደረገው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30/2013 የወጣው መስከረም 25 ቀን ነው። መስቀል የዋለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነበር።

መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ ለአካባቢው አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመጣው ልጅ ከአረጋውያን ወላጆቹ ጋር በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል። በሽታው ያኔ በብዛት የነበረው በአዲስ አበባ ነው፤ ይበልጥ የሚገድለውም አረጋውያንን ነው። አስገዳጅ አዋጅ ባልነበረባቸው በእነዚያ ቀናት፣ ልጅ እናቱን አቅፎ ይሳም ወይስ ከሩቅ ይመረቅ የሚለውን የወሰነው እያንዳንዱ ቤተሰብ ነበር።

ይህ የሕግን ወሰን ያሳያል። ፖሊስ ገበያ ውስጥ ጭምብል ሊቆጣጠር ይችላል፤ እልፍኝ ውስጥ ግን አይገኝም። እዚያ የሚሠራው ሰዎች ራሳቸው አምነው የተቀበሉት ሥርዓት ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው በቅጣት ፍርሃት አይደለም። ሽማግሌዎች የሚመክሩበት የክስታኔው ጎርደና ሴራም ሆነ የየመንደሩ ዕድር ደንብ የሚከበረው፣ ሰው የራሱ አድርጎ ስለሚያየው ነው። የለቅሶን ሥርዓት ለጊዜው ማሳጠር ካስፈለገ፣ ከጣቢያ ከሚመጣ ትእዛዝ ይልቅ ዕድሩ ተወያይቶ የወሰነው ይጸናል።

ክትባትስ?

በዓለም ላይ ብዙ ያከራከረው ክትባትን ግዴታ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 እ.ኤ.አ. የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ብሎ አምስት ዶላር የተቀጣውን ሄኒንግ ጃኮብሰን የተባለ ቄስ አቤቱታ ውድቅ አድርጎ፣ መንግሥት እንዲህ ዓይነት ግዴታ መጣል እንደሚችል ወስኗል። በ2022 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ለአዋቂዎች የኮቪድ ክትባትን በሕግ ግዴታ ካደረገች በኋላ፣ በወራት ውስጥ ሕጉን ሽራዋለች። ኢትዮጵያ መጋቢት 2013 ዓ.ም. ክትባቱን ስትጀምር ለሕዝቡ ሁሉ በአዋጅ ግዴታ አላደረገችም፤ ሥራው በማስተማርና በማሳመን ላይ የቆመ ነበር።

ትእዛዝ ሲመጣ ምን ይጠየቅ?

በቀጣይ ወረርሽኝ ትእዛዝ ሲወጣ፣ ዜጋው ሕጉን እያከበረም ሊጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ትእዛዙን ያወጣው ማን ነው? በየትኛው አዋጅ ወይም መመሪያ ቁጥር?
ሁለተኛ፣ የሚያበቃው መቼ ነው?
ሦስተኛ፣ የታዘዘው ነገር የበሽታውን መተላለፊያ መንገድ በእርግጥ የሚዘጋ ነው?
አራተኛ፣ ለሁሉም በእኩል ይሠራል?
አምስተኛ፣ ገበያው ወይም ሥራው ሲዘጋ ለሚራበው ሰው ምን ተዘጋጅቷል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በግልጽ መመለስ ለባለሥልጣኑም ይጠቅመዋል። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ፖሊስ በሌለበትም ይጠነቀቃልና። በኢትዮጵያ በኮቪድ-19 መሞታቸው የተመዘገበው ከ7,500 በላይ ሰዎች፣ በሽታው ቀልድ እንዳልነበረ ይመሰክራሉ። በአዋጁ ወቅት ገበያው የራቀበት ገበሬና ሥራ ያጣው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ገደቡም ያለ ዋጋ እንዳልመጣ ያውቃሉ። ለሚቀጥለው ጊዜ የሚደረገው ዝግጅት ሁለቱንም የቆጠረ ሊሆን ይገባል።