አዲስ ኮንትሮለር ከመግዛታችን በፊት



ባለፈው በእረፍት ሰዓት ሁለት ተማሪዎች መጥተው «ቲቸር፣ በስትሪት ፋይተር ጎበዝ ለመሆን የትኛው ኮንትሮለር ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በጌም ልጄ ሁልጊዜ ነው የሚያሸንፈኝ። ቢሆንም ይሄው ጥያቄ በቤታችን ተነሥቶ ስላስተማረኝ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የ14 ዓመት ልጄ ስትሪት ፋይተር 6 ይጫወታል። በተከታታይ እየተሸነፈ ሲናደድ «አታተኩርም! እጅህ ዘገምተኛ ነው» እለው ነበር። እሱ ደግሞ ከ200 ዶላር በላይ የሚያወጣ ባለ ዱላ ኮንትሮለር ካልተገዛልኝ አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ብዬ «መጀመሪያ ያለንን እንቁጠር» አልኩት። ስንቆጥር ጥፋቱ የልጁም የኮንትሮለሩም አልነበረም። የቴሌቪዥኑ ነበር!

እንዴት? አብረን እናስላ። ጌሙ በሰከንድ 60 ሥዕል ያሳያል፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በዚህ ጌም ውስጥ ድራይቭ ኢምፓክት የሚባል ከባድ ምት አለ። ተቃዋሚያችሁ ከጀመረው በኋላ እስኪያርፍባችሁ 26 ፍሬም ይፈጃል። ከዚያ በፊት እናንተም ያንኑ ምት ከመለሳችሁ ታሸንፉታላችሁ። ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ደግሞ ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ይህ 15 ፍሬም ነው። ስለዚህ 26 ሲቀነስ 15፣ 11 ፍሬም ይተርፋችኋል።

አሁን ቴሌቪዥኑን እንጨምር። ብዙ ቴሌቪዥኖች ሥዕሉን ለማሳመር ሲሉ ያዘገዩታል። መዘግየቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ከሆነ 6 ፍሬም ተበላ ማለት ነው። ከ11 የቀረው 5 ብቻ! ኮንሶሉ ራሱ የሚወስደውን ትንሽ ጊዜ እንኳ ገና አልቆጠርንም። ልጄ ምቱን የሚያየው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያ ላይ እቆጣዋለሁ።

መፍትሔው አንድ ሳንቲም አላስወጣንም። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚል አለ፤ እሱን ማብራት ነው። የዛኑ ዕለት ልዩነቱ ታየ። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ቤት ብዙም አልተለመደም፤ እኔ ግን ጠየቅሁት።

እንግዲህ መለማመጃችሁን ስታዘጋጁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

አንደኛ፣ ስክሪኑ። ጌም ሞድ መብራቱን እዩ። የኮምፒውተር ሞኒተር ቤት ውስጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ይፈጥናል።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔቱ። ከሌላ ቤት ካለ ሰው ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ከዋይ ፋይ ይልቅ በኬብል ተገናኙ። ዋይ ፋይ አንዳንዴ ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ የምትናደዱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፣ ከወዲያ ያለውም ነው።

ሦስተኛ፣ ኮንትሮለሩ። ከኮንሶሉ ጋር የመጣው ይበቃል። በ2014 በላስ ቬጋስ በተካሄደው ኢቮ በተባለው ትልቅ ውድድር በስትሪት ፋይተር 4 ያሸነፈው ሉፊ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ የያዘው የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ኮንትሮለር ነበር፤ በ1990ዎቹ የወጣ ዕቃ! ባለ ዱላውም ሆነ በቁልፍ ብቻ የሚሠራው ኮንትሮለር መጥፎ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው እጁ ላይ ይመቸዋል። ግን እጅ አዲስ ዕቃ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የጓደኛ ሳትሞክሩ አትግዙ።

አራተኛ፣ ልምምዱ ራሱ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት። ዝም ብሎ ሃያ ጨዋታ መጫወት ልምምድ አይደለም። በጌሙ ውስጥ የመለማመጃ ክፍል አለ። እዚያ ተቃዋሚው የሚያደርገውን ራሳችሁ ትቀርጹና እንዲደግምላችሁ ታዛላችሁ። ለምሳሌ ሦስት ነገር ቅረጹ፦ ድራይቭ ኢምፓክት፣ ወደ ፊት መራመድ፣ ዝም ብሎ መቆም። ከዚያ ሳታውቁት እየቀያየረ እንዲያመጣ አድርጉ። አንድ ነገር ብቻ ከቀረጻችሁ መቼ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ፤ ያ ሸምድዶ ፈተና እንደመቀመጥ ነው።

ከአሥር ሙከራ ስንቱን እንደመለሳችሁ በደብተር ጻፉ። ቀን፣ ምን እንደተለማመዳችሁ፣ ውጤት፤ ሦስት መስመር ብቻ። የልጄ ደብተር በመጀመሪያው ቀን ከ10 2 ይላል፣ በሦስተኛው ሳምንት ከ10 7። አሁንም ይሸነፋል፤ ግን ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል፣ ኮንትሮለሩንም አይወረውርም። ሃያ ደቂቃ ልምምድ፣ ሦስት ጨዋታ፣ ከዚያ ማጥፋት። ስምምነታችን ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ሰው። ማሽን ብቻውን አያስተምርም። አርስላን አሽ የፓኪስታን ላሆር ልጅ ነው። በ2019 በጃፓንም በላስ ቬጋስም ኢቮን በቴከን 7 አሸነፈ፤ ያደገውም በከተማው ካሉ ጎበዞች ጋር እየተጋጠመ ነው። እናንተም ከሚበልጣችሁ ልጅ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ተጫወቱ። ሲያሸንፋችሁ «እንዴት አደረግኸው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለወላጆች አንድ ቃል። ስትሪት ፋይተር 6 በአሜሪካ ከ13 ዓመት፣ በአውሮፓ ከ12 ዓመት በላይ ላሉ ተብሎ ነው የተመደበው። ከማያውቁት ሰው ጋር መጻጻፉን ልታጠፉት ትችላላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን «በቃ ዝጋው!» ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀመጡና እዩ። እኔ ባልቀመጥ ኖሮ እስከ ዛሬ ልጄን ዘገምተኛ እያልኩ እኖር ነበር።

ተማሪዎች፣ ያችን ደብተር ስትገዙ ሁለት ግዙ። ሁለተኛዋ ለፊደል ናት። ከአሥር ቃል ስንቱን ሳትሳሳቱ እንደጻፋችሁ መዝግቡና ቅዳሜ አሳዩኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሰላም ሰንብቱ!