በባቡር ወደ ካይፌንግ

ከጀንግጆ ከተማ እስከ ካይፌንግ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ፓስፖርት እንዳትረሱ፤ ያለ እሱ ትኬት አይቆረጥም። ካይፌንግ ከ960 እስከ 1127 የሰሜናዊው ሶንግ መንግሥት መዲና ነበረች። ብዙ ሰው የሚሄደው በ1049 የተሠራውን «የብረት ፓጎዳ»፣ ባለ 13 ፎቁን የቡድሂስቶች ማማ ለማየት ነው። ብረት ግን የለበትም፤ ጡብ ነው፣ ቀለሙ ነው ያሳሳተው።

እኛን የሳበን ሌላ ነው። እዚህ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ በ1163 ምኩራብ ሠሩ። በ1642 የቢጫው ወንዝ ጎርፍ ከተማዋን አጠፋ፣ ምኩራቡም አብሮ ሄደ። መልሰው ሠሩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ጠፋ፤ የኦሪት ጥቅልሎቻቸውንም ሸጡ።

ዘራቸውን የሚቆጥሩት በአባት ስለሆነ፣ ወደ እስራኤል የገቡት ጥቂት ልጆቻቸው ጊዩር እንዲያደርጉ ተጠይቀዋል። «አይሁድነታችሁን አረጋግጡ» ሲባል ምን እንደሚሰማ ወላጆቻችን ያውቁታል። እኛም ቤት ውስጥ ስንሰማው አድገናል።

ምኩራብ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሕንፃው የለም። ያለው አንድ ጠባብ ቅያስ ነው። ስሙ እስካሁን «የቅዱስ መጽሐፍ ማስተማሪያ ደቡብ ቅያስ» ይባላል።