ደጋው የማያድነው የኮምፒውተር ሙቀት

ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ሳምንታት በምሥራቅ ጎጃም የሠርግ ወቅት ናቸው። በቢቸና እና በሞጣ ለሚገኙ የፎቶ እና የቪዲዮ ቤቶችም ሥራ የሚበዛው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ልጁን የዳረ አርሶ አደር የሠርጉ ምስል ተቀናብሮ እስኪደርሰው ይጠብቃል፤ የቪዲዮ ባለሙያው ደግሞ ኮምፒውተሩን ቀን ከሌሊት ያሠራል። መሣሪያው ድንገት ድርግም የሚለው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል የተባለው ሥራ ሦስት ሰዓት የሚፈጀውም ብዙ ጊዜ በዚህ መካከል ነው።

ጥፋቱ ወዲያው በቫይረስ ወይም በመብራት መቆራረጥ ይሳበባል። ሁለቱም ምክንያት ሊኾኑ ይችላሉ። ሙቀትን ግን የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ አገሩ ደጋ፣ ሌሊቱም ብርድ ነውና።

ምስልን የማቀናበሩን ከባድ ሥራ የሚሸከመው ግራፊክስ ካርድ የተባለው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ካርዱ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ኹሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። አነስተኛው ጂቲኤክስ 1650 እስከ 75 ዋት፣ ከፍ ያለው አርቲኤክስ 3060 ደግሞ እስከ 170 ዋት ይወስዳል። የዋናው ማቀናበሪያ ድርሻ ሲጨመርበት፣ ባለ 100 ዋት ኹለት የቀድሞ ክብ አምፖሎችን በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ዘግቶ እንደማብራት ነው። ብዙዎቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ሙቀታቸው 83 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን መቀነስ ይጀምራሉ። ባለሙያው "ኮምፒውተሩ ደከመ" የሚለው ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ከገፋ መሣሪያው ይጠፋል።

በካርዱ ላይ የተገጠመው ፋን ሙቀትን አያጠፋም፤ ከብረቱ ወደ አየሩ ያዛውራል እንጂ። የሞቀው አየር ከሳጥኑ ካልወጣ ካርዱ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት እሳቱን እያራገቡ እንደመቀመጥ ነው፤ ማራገቡ ቢበረታም ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ እዚያው ይዞራል። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ችግሩ የሚብሰውም ቦታው ጠባብ በመኾኑ ብቻ አይደለም። መግቢያው እና መውጫው በገመድ፣ በአቧራ ወይም በግድግዳ ስለሚዘጋበት ነው።

የከፍታው ጉዳይም አለ። ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ውኃ በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይኾን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላ እና ሽምብራ ቶሎ የማይበስሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ ስስ በመኾኑ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል። ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ጠለል ላይ በሳጥኑ ሲያልፍ 20 ዲግሪ የሚሞቅ አየር፣ እዚህ 25 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል።

ይህ ሲባል ደጋው አይጠቅምም ማለት አይደለም። የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ በኾነበት ቦታ ያለ ኮምፒውተር፣ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ ካለው የተሻለ ዕድል አለው። ዕድሉ የሚባክነው ያ ቀዝቃዛ አየር ወደ ሳጥኑ እንዳይገባ ሲከለከል ነው። አናጢ በሠራው ጠረጴዛ ሥር ባለ ዝግ ቁም ሳጥን ውስጥ የገባ፣ ጀርባው ከግድግዳ የተለጠፈ፣ ከላዩም ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር በደጋ መኖሩ ምንም አይፈይድለትም። ዳንቴሉ ለጌጥ መልካም ነው፤ ሥራ ሲጀመር ግን መነሣት ይኖርበታል።

አቧራውም የሚበረታው በሠርጉ ወቅት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ጤፍ ይወቃል፤ እብቁ ከአውድማ ተነሥቶ ከተማ ይደርሳል። የአካባቢው ጥቁር አፈርም በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቅና በመኪና ጎማ እየተፈጨ ይቦንናል። ይህ ኹሉ በካርዱ ስስ የብረት ክንፎች መካከል ይጠቀጠቃል። ከውጭ የጸዳ የሚመስል ሳጥን ሲከፈት ውስጡ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ሊገኝበት ይችላል።

ችግሩ የት እንዳለ ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም። በፈረንጆቹ 2020 እና ከዚያ ወዲህ በታደሰ ዊንዶውስ 10 እንዲሁም በዊንዶውስ 11 ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ጂፒዩ ሲመረጥ የካርዱ ሙቀት ይታያል። ካርዱ በሥራ ላይ እንዳለ ለግማሽ ሰዓት ቁጥሩን ማየት ነው። ከዚያም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የሳጥኑን የጎን ክዳን በማንሣት ያንኑ ሥራ መድገም ይቻላል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ከወረደ የጎደለው የአየር መተላለፊያ ነው። ብዙም ካልተለወጠ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ካርዱ ይዞራል፤ ወይ አቧራ ዘግቶታል፣ ወይ ፋኑ ደክሟል፣ ወይም በቺፑ እና በብረቱ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቋል። በፔስቱ ምትክ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ለጥቂት ቀናት የሠራ ይመስላል፣ ከዚያ ደርቆ ከበፊቱ የባሰ ይኾናል።

ክዳኑን ከፍቶ መተው መፍትሔ አይደለም፤ አቧራውን፣ አይጡን እና የሕፃናትን ጣት መጋበዝ ነው። ይልቅ አንድ ፋን ከፊት ንጹሕ አየር እንዲያስገባ፣ ሌላው ከኋላ የሞቀውን እንዲያስወጣ ማድረግ ይሻላል። ሁለቱም ወደ ውስጥ ወይም ሁለቱም ወደ ውጭ ዞረው የተገጠሙ ሳጥኖች ያጋጥማሉ። ስስ ወረቀት ጠጋ ሲደረግ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። በሳጥኑ ጀርባ እና በግድግዳው መካከልም ቢያንስ አንድ ስንዝር መተው ይገባል።

ለጽዳት ሲባል ኮምፒውተርን ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የተለመደ ስሕተት ነው። ለጎማ የተዘጋጀው አየር እርጥበት እና ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ግፊቱም ትንንሽ ዕቃዎችን ይነቅላል። ለስላሳ ብሩሽ እና አነስተኛ የእጅ ንፊያ ይበቃሉ። ከመጀመሩ በፊት ኮምፒውተሩ ከሶኬት ይነቀላል፤ ሲነፋም የፋኑ ክንፍ በጣት ይያዛል፤ በነፋስ ኃይል ከልኩ በላይ ከዞረ ሊበላሽ ይችላልና። በበጋ ወራት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መጥረግ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ ባነሰ ድግግሞሽ ማጽዳት ይበቃል።

ከቢሮ የወጡ ቀጫጭን ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚገዙ ደግሞ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ብቻውን የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ለእነዚህ ሳጥኖች የሚስማማውም ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ አጭር ካርድ ነው። ትልቅ ካርድ በግድ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ትልቁ ካርድ ቀድሞ የተገዛ ከኾነ በነጻ በሚገኙ ፕሮግራሞች የኃይል ጣሪያውን ወደ 80 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ፍጥነቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን በሚታይ መጠን ይወርዳል።

ይህ ኹሉ ተደርጎም ማሽን ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከሠርግ ቤት የመጣው የካሜራ ካርድ፣ ምስሉ ተቀናብሮ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ለሌላ ሠርግ ተብሎ መደምሰስ የለበትም።