የሽንት ካቴተር፦ የነርሶች ሥልጠናና የአስታማሚ ድርሻ

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው ሽንቱ በካቴተር እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ካቴተር ወደ ሽንት ፊኛ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ሽንቱ በቱቦው ወርዶ በከረጢት ይጠራቀማል።

ቱቦው ጠቃሚ ቢሆንም ለጀርም መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። ካቴተሩ ባልወጣበት በእያንዳንዱ ቀን ከ100 ታካሚዎች ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መታየት ይጀምራል። ባክቴሪያ የታየበት ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ደም ከተዛመተ ለሕይወት ያሰጋል። ስለሆነም ዋነኛው መከላከያ ካቴተርን ያለ በቂ ምክንያት አለማስገባት፣ አስፈላጊነቱ ሲያበቃም ሳይዘገዩ ማውጣት ነው።

በኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር ሥልጠና ነርሶች እጅን በአግባቡ መታጠብን፣ ከጀርም የጸዳ ጓንትና መሣሪያ መጠቀምን፣ ቱቦው እንዳይጎተት ከጭን ጋር ማያያዝን፣ ቱቦውንና ከረጢቱን ያለ ምክንያት አለማለያየትን፣ ካቴተሩ የገባበትን ቀን መመዝገብንና በየዕለቱ አስፈላጊነቱን መመርመርን ይማራሉ።

ታካሚው ሲገላበጥ ወይም ከአልጋ ሲነሣ ግን ብዙውን ጊዜ አጠገቡ የሚገኘው አስታማሚ ነው። በመሆኑም አስታማሚዎች የሚከተሉትን እንዲያደርጉ ይመከራል፦

• ከረጢቱን ከመንካትዎ በፊትና በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤
• ከረጢቱ ምንጊዜም ከሽንት ፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ አልጋ ላይ ከተቀመጠ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወለልም መንካት የለበትም፤
• ቱቦው እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ፤
• ከረጢቱ ከመሙላቱ በፊት ነርሷን ይጥሩ፤ ለሌላ ታካሚ ያገለገለ መቅጃ አይጠቀሙ።

ካቴተር ይዞ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ታካሚም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በታክሲ ሲወጣ ከረጢቱን ጭኑ ላይ ማስቀመጥ የለበትም፤ ከጉልበት በታች ይያዝ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ወይም የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም የሽንት መቆም ከታየ ወዲያውኑ ለጤና ባለሙያ ያሳውቁ። ቱቦውን በራስዎ አያውጡ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይጀምሩ።

«ካቴተሩ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የታካሚውና የቤተሰቡ መብት ነው። ጥያቄው ባለሙያን እንደ መጠራጠር አይቆጠርም፤ ነርሷ በሥልጠናዋ በየዕለቱ እንድትጠይቅ የተማረችውም ይህንኑ ነውና።