ቁጥርዎ ስንት ነው? የመሮጫ ጫማ ከመግዛትዎ በፊት እግርዎን ይወቁ

አዲስ አበባ ውስጥ የስፖርት ጫማ ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀርብልዎት ጥያቄ «ቁጥር ስንት?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቀለምስ?» ይሆናል። የት እንደሚሮጡ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚወጡ፣ ጉልበትዎን የሚያምዎት እንደሆነ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመዎት ዕድለኛ ነዎት። ሻጩን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። እኛም ገዢዎቹ «ኦርጂናል ነው?» ብለን ጠይቀን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ ቆመን አንድ ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርገን እንወጣለን።

ኅዳር ሲቃረብና የታላቁ ሩጫ ቲሸርት በየቢሮው መታየት ሲጀምር ብዙ ሰው ጫማ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ስለ ጉልበት፣ ስለ ቅልጥምና ስለ ተረከዝ ሕመም ብዙ ይወራል። ጫማው የሁሉም ሕመም ምክንያት ባይሆንም፣ በሺዎች የሚቆጠር ብር የሚወጣበት ነገር ስለሆነ ቢያንስ እግርን የማይጎዳ መሆን አለበት።

በእኛ ቤት ጉዳዩ ከፋሽን ያለፈ የሆነው በእናቴ ምክንያት ነው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ በኋላ ሐኪሟ በየቀኑ እንድትራመድ አዘዙላት። እህቴ ደስ ብሏት አንድ ያማረ ስኒከር ገዛችላት። እናታችን ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ሰፈሩን ስትዞር ሰነበተች፤ አንድ ቀን ካልሲዋን ለማጠብ ስናነሳ ጫፉ ላይ ደም አየን። ትንሿ ጣቷ ጎኗ ተልጦ ቆስሏል፤ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ስኳር በቆየ ቁጥር የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል «አይጠበኝም» የሚለው መልስ ለእንዲህ ያለ ሰው ማረጋገጫ አይሆንም። ቁስሉ እስኪድን ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ጫማው ቁጥሩ ትክክል ነበር። የጠበባት ወርዱ ነው።

የአበበ ባዶ እግር

ስለ ጫማ ወሬ ሲነሳ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አሸንፏል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ያደረገው ምክንያት ነው። እዚያ የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፤ እግሩን አቆሰለው። በባዶ እግር መለማመድ ደግሞ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከማይስማማ ጫማ የለመደውን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። እንግዲህ የአበበ ታሪክ ጫማ አያስፈልግም የሚል አይመስለኝም።

በሌላው ጫፍ ያለውን ደግሞ ደራራ ሁሪሳ ያስታውሰናል። በ2021 እ.ኤ.አ. የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ ተሰረዘ፤ የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሕጉ የሚፈቅደው 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትሮጥ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ያኔ 500 ዶላር ይሸጥ የነበረና ለአንድ ውድድር ያህል ታስቦ የተሠራ ነው። እነዚህ ጫማዎች ድንቅ ናቸው፤ ለእኔና ለእርስዎ ግን አልተሠሩም። ባለ ካርቦን ፕሌቱን የውድድር ጫማ ለጠዋት ሶምሶማ መግዛት ሠርግ የሚኬድበትን ልብስ ለገበያ እንደ መልበስ ነው።

ውሃና ካርቶን

የእግርዎን ዓይነት ለማወቅ ወጪ የሌለበት ሙከራ አለ። ውስጥ እግርዎን በውሃ አርሰው ደረቅ ካርቶን ላይ ወይም ሲሚንቶ ላይ በሙሉ ክብደትዎ ይቁሙና ያንሱ። ምልክቱ መሃሉ ላይ ሳይቀጥን ሙሉ እግር ሆኖ ከታየ ጠፍጣፋ እግር አለዎት ማለት ነው። ተረከዙንና የፊት እግሩን የሚያገናኘው መስመር በጣም ቀጭን ከሆነ ወይም ጭራሽ ከተቋረጠ ቅስቱ ከፍ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የብዙዎቻችን ነው።

አረማመድን ለማየት ደግሞ ስልክ ይበቃል። ሰው ከኋላዎ ሆኖ፣ ስልኩን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ ሃያ ሜትር ያህል ሲሮጡ በስሎው ሞሽን ይቅረጽዎት። እግር መሬት ሲነካ በትንሹ ወደ ውስጥ ይዘነበላል፤ ባለሙያዎች ፕሮኔሽን ይሉታል። ይህ በሽታ አይደለም፤ አካል የመሬቱን ምት የሚያበርድበት መንገድ ነው። ማስተዋል ያለብዎት ቁርጭምጭሚቱ በጣም ወደ ውስጥ የሚወድቅ፣ ጉልበትም አብሮት የሚገባ ከሆነ ነው። የቀኙና የግራው ልዩነትም ይታይዎታል።

አሮጌ ጫማዎንም ገልብጠው ይዩት። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የተረከዙ ውጭኛ ጠርዝ ተበልቶ ሲያይ «እግሬ ወደ ውጭ ይዘነበላል» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛው ሯጭ መሬት የሚነካው በተረከዙ ውጭኛ ጠርዝ ስለሆነ ያ ቦታ ቢያልቅ የሚጠበቅ ነው። ይልቅ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት። ተረከዙን የሚይዘው ክፍል ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ከቆመ የበለጠ የሚነግርዎት እሱ ነው።

ሦስቱ መደርደሪያዎች

የጫማ ኩባንያዎች ይህንን ሁሉ በሦስት ከፍለው ኖረዋል። ቅስቱ ከፍ ላለ እግር ለስላሳ ትራስ ያለው ኒውትራል፣ ለመካከለኛው ስታቢሊቲ፣ ለጠፍጣፋው ደግሞ ከውስጥ በኩል ጠንከር ያለ ድጋፍ ያለው ሞሽን ኮንትሮል። የናይኪ ፔጋሰስ ኒውትራል ከሚባሉት ነው፤ የአሲክስ ካያኖና የብሩክስ አድሬናሊን ደግሞ ድጋፍ ካላቸው ወገን ናቸው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛን በሦስት መደርደሪያ መክፈል ለሻጭ ምን ያህል እንደሚመች አውቃለሁ። ደንበኛው «የእኔ ዓይነት» የሚል ነገር ሲያገኝ ከዋጋው ጋር መታገሉን ያቆማል። ችግሩ እግር እንደ መደርደሪያው አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ ጦር፣ አየር ኃይልና የባሕር ኃይል ወታደሮች (ማሪን) ምልምሎቻቸውን ለሁለት ከፍለው ሞክረውታል፤ ግማሾቹ በእግራቸው ቅስት መሠረት የተመረጠ ጫማ ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ እግራቸው ምንም ይሁን ምን አንድ ዓይነት ጫማ ተደረገላቸው። በጉዳት መጠን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ 927 ጀማሪ ሯጮች ሁሉም ኒውትራል ጫማ አድርገው ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸው፣ እግራቸው ወደ ውስጥ የሚዘነበለው ከሌሎቹ ይበልጥ ሲጎዱ አልተገኙም።

ይህ ማለት ግን ድጋፍ ያለው ጫማ ለማንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሉክሰምበርግ ውስጥ በ372 ሯጮች ላይ በተደረገና በ2016 በወጣ ጥናት፣ እግራቸው ወደ ውስጥ የሚዘነበል ሰዎች ድጋፍ ባለው ጫማ ሲሮጡ የጉዳት መጠናቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የካርቶኑ ሙከራ ፍንጭ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በኒውትራል ጫማ ለዓመታት ያለ ሕመም የሮጠ ባለ ጠፍጣፋ እግር ሰው «ድጋፍ ያስፈልግሃል» ስለተባለ ብቻ የሚቀይርበት ምክንያት የለም። የቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን ወይም ቅልጥሙ ደጋግሞ የሚያመው ሰው ግን ድጋፍ ያለውን ቢሞክር ያዋጣዋል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቤኖ ኒግ ከብዙ ዓመታት ሥራ በኋላ ያቀረቡት ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሯጩ ሲሮጥበት የሚመቸውን ይምረጥ ነው የሚሉት።

ሱቅ ውስጥ

ምቾት ሲባል ታዲያ ቆሞ መርገጥ አይደለም። ወደ ሱቅ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲራመድ ያብጣል፣ ሲሮጡም እንደዚያው ነው። የሚሮጡበትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። የውስጡ ንጣፍ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው መሬት ላይ ያስቀምጡትና ይቁሙበት። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአውራ ጣት ወርድ ያህል፣ መትረፍ አለበት። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ የሁለተኛው ጣት ጥፍር የሚጠቁርባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህንን ሳያዩ የገዙ ናቸው። እግርዎ ከንጣፉ ጠርዝ በጎን ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው፤ «ይሰፋል» የሚለውን አይስሙ። እናቴ ላይ የደረሰውን ንጣፉን አውጥቶ ማየት ብቻ ያድነው ነበር።

ልጅነቱን በባዶ እግሩ ያሳለፈ ሰው የፊት እግሩ ሰፋ ያለ ይሆናል። ከክፍለ ሀገር የመጡ ወላጆቻችን «ጫማ አይስማማኝም» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። በውጭ አገር አንድ ቁጥር በተለያየ ወርድ ይሸጣል፤ እዚህ ግን ማግኘቱ ይከብዳል። የሴት ጫማ ከጠበበ የወንዱን ማየት አንድ መፍትሔ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሰፋልና። ቀለሙን ልጆች ቢስቁበትም ግድ የለም።

ሁለቱንም እግር ያድርጉ፣ ትልቁን እግር ይመኑ፣ ተረከዝ የሚንሸራተት ከሆነ ክሩን በመጨረሻዋ ቀዳዳ አስገብተው አጥብቀው ይሞክሩት። ከዚያ ይሩጡ። ሻጩ ቢገረምም በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ማለት መብትዎ ነው።

ልባሽ፣ ኮፒና የዘመድ ሻንጣ

አዲስ ጫማ ለሁሉም ኪስ አይደለም፤ ልባሽ ገበያ ውስጥ ጥሩ ነገር እንደሚገኝም እናውቃለን። የመሮጫ ጫማ ግን ላዩ ሳያረጅ ውስጡ ያረጃል። ብዙዎቹ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠባቸው በኋላ ትራሳቸው ይሞታል፤ ሳይደረጉ ለዓመታት የተቀመጡትም ስፖንጃቸው ይደርቃል፣ ማስቲሻቸው ይለቃል። የሶሉን ጎን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ወይም የተሸበሸበ መስመር ሞልቶት ከሆነ ለመራመጃ እንኳ ያስቡበት። የሌላ ሰው ተረከዝ ያጣመመው ጫማም ያንን ሰው እንጂ እርስዎን አያውቅም። ከኮፒ አዲስና ከኦርጂናል ልባሽ የቱ ይሻላል ቢሉኝ፣ ብዙ ያልተሮጠበትን ልባሽ እመርጣለሁ። ኮፒው ላይ ተመሳስሎ የሚሠራው አርማው ነው፤ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ምን እንደሆነ ማንም አይነግርዎትም።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ ሲመጣ «ቁጥሬ 41 ነው» ብሎ መላክ የተለመደ ነው። የአንዱ ኩባንያ 41 ከሌላው 41 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። እግርዎን ወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉ፤ ርዝመቱንና ሰፊውን ቦታ በሴንቲ ሜትር ለክተው ፎቶውን ይላኩ። ከጫማው ምላስ ጀርባ ያለው ጨርቅ ላይ የሴንቲ ሜትር ቁጥር አብሮ ይጻፋል፤ ዘመድዎ እሱን ያስተያያል።

ለልጆች ሲሆን «ያድጋል» ተብሎ ሁለት ቁጥር ጨምሮ መግዛት ያደናቅፋቸዋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይበቃል፤ በየሦስት ወሩ በጣት መለካት ነው። የትንሽ ልጅ እግር ጠፍጣፋ ሆኖ ቢታይዎት አይደንግጡ። እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ብዙ ልጆች እንደዚያው ናቸው፤ ሕመም ከሌለ ቅስቱ በጊዜው ይመጣል።

ከገዙ በኋላ

አዲሱን ጫማ በታላቁ ሩጫ ጠዋት አይመርቁት። ቢያንስ ለሁለትና ሦስት ሳምንት በአጭር በአጭሩ ይሩጡበት፤ አሮጌውንም ወዲያው አይጣሉ። ሉክሰምበርግ ውስጥ 264 ሯጮችን የተከታተለ ሌላ ጥናት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሚሮጡት በአንድ ጫማ ብቻ ከሚሮጡት በ39 በመቶ ያነሰ የጉዳት ስጋት እንዳላቸው አግኝቷል። አቅም ለፈቀደለት ሁለተኛ ጫማ ቅንጦት አይደለም። ሶሉም ይለያይ፤ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ለሚሮጥ ጥርስ ያለው፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ለሚሮጥ ለጥ ያለውና ትራስ ያለው ይሻላል። ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን የማያንሸራትተው ጫማ ግን እስካሁን አላየሁም፤ እዚያ ላይ መራመድ ነው።

ስኳር ያለባቸው ቤተሰቦች ጫማውን ከማድረጋቸው በፊት እጃቸውን አስገብተው ጠጠር ወይም የተነሳ ስፌት እንዳለ ይዳስሱ፤ ማታ ማታ ደግሞ ውስጥ እግራቸውን በመስታወት ይዩ ወይም ሰው ይይላቸው። በእኛ ቤት ይህ የታናሽ ወንድሜ ሥራ ሆኗል። እናቴም ሰፋ ያለ የወንድ ጫማ አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በየጠዋቱ መራመዷን ቀጥላለች።

ጫማው ሲቆሽሽ ማሽን ውስጥ አይክተቱት። በለዘዘ ውሃና በጥርስ ብሩሽ አጥበው፣ ንጣፉን አውጥተው፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው ጥላ ላይ ያድርቁት። ውስጡ ቶሎ እንዲደርቅ አሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ይደሩ።