ትምህርታዊ የሽክርክሪት ጨዋታዎች

ትምህርታዊ የሽክርክሪት ጨዋታዎች ማለት ተጫዋቾች በየተራ ትንሽ ሽክርክሪት እያሾሩ፣ በወጣላቸው ቁጥር ልክ ጠጠራቸውን በገበታ ላይ የሚያራምዱባቸው፣ ጂኦግራፊን፣ ታሪክን ወይም ግብረ ገብን ለማስተማር የታተሙ የድሮ ጨዋታዎች ናቸው። በብዛት የታተሙት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ነው። ሽክርክሪቱ በእንግሊዝኛ «ቲቶተም» ይባላል።

አሠራሩ

ቲቶተም ብዙ ጊዜ ስድስት ወይም ስምንት ጎን ያለው ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን መሐሉን ቀጭን ዘንግ ያልፈዋል። በሁለት ጣት ሲሾር ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይንገዳገድና በአንድ ጎኑ ይተኛል። የሚነበበው ወደ ላይ በቀረው ጎን ያለው ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ ጥጥ የሚፈተልበት እንዝርትም የሚሾረው በዚሁ ሕግ ነው፦ በዘንጉ ላይ የተሰካው ክብ ክብደት መዞሩን ቶሎ እንዳያቆም ያደርገዋል።

ዘንጉ በትክክል መሐል ላይ ካልተሰካ ግን ጨዋታው ይበላሻል። ከባዱ ጎን ወደ ታች መውደቅ ስለሚቀናው በተቃራኒው ያለው ቁጥር ከሌሎቹ ይበልጥ ይወጣል። ትክክለኛ ባለ ስድስት ጎን ቲቶተም ለእያንዳንዱ ቁጥር 1/6 ዕድል ይሰጣል።

ለምን ዳይስ አልሆነም?

በዘመኑ ዳይስ የቁማር ዕቃ ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ ወላጆች ከቤታቸው እንዲገባ አይፈልጉም ነበር። አታሚዎቹ በምትኩ ቲቶተምን ከሳጥኑ ጋር ይሸጡ ነበር። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ ቲቶተም ራሱ መነሻው ቁማር ነውና። የጥንቱ ባለ አራት ጎን ሲሆን የላቲን ቃላት መነሻ ፊደላት ይጻፉበት ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ «ቶቱም» (ሁሉንም ውሰድ) ለስሙ ምንጭ ሆኗል።

የታወቁ ጨዋታዎች

ቀደም ካሉት አንዱ ጆን ጄፈሪስ በ1759 እ.ኤ.አ. በለንደን ያሳተመው «ጉዞ በአውሮፓ» ነው። ገበታው የአውሮፓ ካርታ ሲሆን መጨረሻው ለንደን ነው። ሕጎቹ የአሳታሚውን ሀገር አመለካከት በግልጽ ያሳያሉ፦ ሮም ላይ ያረፈ ተጫዋች የጳጳሱን እግር ስሟል ተብሎ ወደ ቀዝቃዛዋ አይስላንድ ይባረርና ሦስት ተራ ያልፈዋል። ስለዚህ ልጁ ከከተሞቹ ስም ጋር ጥላቻውንም አብሮ ይማር ነበር።

በአሜሪካ «የደስታ ቤት» በ1843 እ.ኤ.አ. በሴለም ከተማ ታተመ፤ ምግባረ ጥሩ ወደ ፊት ይራመዳል፣ ጥፋተኛ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሚልተን ብራድሌይ በ1860 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሕይወት ጨዋታ ግን በነጥብ ነው የሚያሸንፈው፤ 100 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። ብራድሌይ የድንጋይ ኅትመት ባለሙያ ነበር። ጢም የሌለው የአብርሃም ሊንከን ሥዕል አትሞ ይሸጥ ነበርና ሊንከን ጢም ሲያሳድግ ገበያው ተበላሸበት። ፊቱን ወደ ጨዋታ ያዞረው ከዚህ በኋላ ነው።

ድሬይደል

የአይሁድ ልጆች በሐኑካ በዓል የሚያሾሩት ባለ አራት ጎን ድሬይደል የቲቶተም ዘመድ ነው። የተጻፉበት ፊደላት ኑን፣ ጊሜል፣ ሄ እና ሺን ሲሆኑ በግእዝ ነሐስ (ነ)፣ ገምል (ገ)፣ ሆይ (ሀ) እና ሠውት (ሠ) ይሆናሉ። በእስራኤል ሀገር በሺን ፈንታ ፔ (በግእዝ አፍ፣ ፈ) ይጻፋል። በጎንደር ዙሪያ፣ ለምሳሌ በወለቃ፣ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን በጥንቱ ሥርዓታቸው ሐኑካን አያከብሩም ነበር። ስለሆነም ድሬይደልን ያወቁት ከሌላው የአይሁድ ዓለም ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ

ገበጣና ሰንጠረዥ ሽክርክሪትም ዳይስም አያስፈልጋቸውም፤ አሸናፊውን የሚለየው ዕጣ ሳይሆን ስሌት ነው። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ረድፍ የሆነውን ገበጣ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በሰፊው መዝግቦታል። ቁጥር ለሚማር ልጅ ገበጣ ከቲቶተም የሚሻልበት ነገር አለ፦ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የት እንደሚያልቅ መቁጠር አለበት።

ቲቶተምን በቤት መሥራት ቀላል ነው። ከወፍራም ካርቶን እኩል ስድስት ጎን ያለው ቅርጽ ተቆርጦ ከ1 እስከ 6 ይጻፍበታል፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሦስት መስመር ተሰምሮ በሚገናኙበት ነጥብ የክብሪት እንጨት ይሰካል። ሚዛኑን ለመፈተን 60 ጊዜ አሹሮ ውጤቱን መመዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 10 ጊዜ ገደማ መውጣት አለበት።